የምትዘፍን ድንጋይ

ከመቀመጫ መነሳት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ወጣት ሆነህ አታውቀውም። ተቀምጠህ ነበር፣ ተነሳህ፣ አለቀ። መሀል ላይ ምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? እኔን ጠይቀኝ። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል። ከዚያ እጅህ የሚደገፈው ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ካፍህ «እህህ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ያንን ድምፅ አባትህ ሲያሰማ ትስቅበት ነበር። ጉልበትህ ቀጭ ይላል። ሆድህ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ነው አንድ ሰው ተነሳ የሚባለው።

እኔ እንዲህ አልነበርኩም። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚው ሞላ ሲባል ፍየል ነበርኩ። ጠዋት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ረፋዱ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከሰዓት አሸተን ማርያም ተራራ ላይ። ፈረንጁ እያለከለከ «ገና ነው?» ሲለኝ «ትንሽ ነው የቀረህ» እለዋለሁ። ትንሽ አልነበረም የቀረው። ግን ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው እዚያው ቁጭ ሊልብኝ ነው።

ከዚያ እንግዳ ጠፋ። የጠፋበትን ምክንያት አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ እሱን አሁን አናነሳም፣ ጨዋታችን ይበላሻል። ብቻ እንግዳው ሲጠፋ እኔ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ ይለመዳል። ባለቤቴ ስንዱ ድሮ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ቤት ብትውል» ትለኝ የነበረችው ሴትዮ፣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትወጣ» ማለት ጀመረች። ኋላ ላይ እንግዳው አንድ ሁለት እያለ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ የድሮ ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ደርሶ አልወጣም አለኝ።

«ብትወፍር ምን አለበት፣ ማንን ጎዳህ?» ትለኝ ይሆናል። ቆይ፣ እሱን ልነግርህ ነው።

የስንዱ አጎት አሉ፤ አያ ደምሴ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓትም፣ ያስተማሯትም፣ ለእኔ የዳሯትም እሳቸው ናቸው። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማዶ ነው የሚያርሱት። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ንግግራቸው ትንሽ ነው፤ ቅያሜያቸው ግን እንደ ንግግራቸው ትንሽ አይደለም። ስንዱ እሳቸው ፊት ስትቆም ዛሬም ቀሚሷን ወደ ታች ትጎትታለች፤ የልጆች እናት ሆና።

አንድ ቀን ጎረቤት ተዝካር ነበርና ሁላችንም ዳስ ውስጥ ተቀምጠናል። እኔ ከጥግ በኩል፣ መሬት ሊነካ ትንሽ በቀረው አግዳሚ ላይ፣ በእጄ ጠላ ይዣለሁ። አያ ደምሴ ገቡ። ታውቃለህ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለህ «ኖር» ትላለህ፣ እሳቸውም «በእግዜር» ይላሉ፣ ከዚያ ትቀመጣለህ። እኛ ዘንድ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ። እኔም ልነሳ አልኩ፤ እግዜር ያያል፣ ልነሳ ብዬ ነበር። ሐሳቡ መጣ። እጄ መደገፊያ ፈለገ፣ ጠላው አለበት። ጠላውን አስቀመጥኩ። እህህ አልኩ። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ሆዴን ይዤ ቀጥ ብዬ ስቆምና «ኖር» ስል፣ ሰው ሁሉ «በእግዜር» ተብሎ ቁጭ ብሏል። ዳሱ ውስጥ የቆምኩ እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አያ ደምሴ አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ኋላ እንደሰማሁት «ሰው ሲነሳ የሚቀመጥ፣ ሰው ሲቀመጥ የሚነሳ፣ በሽምግልናዬ አላገጠብኝ» ብለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ሌላ ፋሲካ መጥቶ ሄደ።

እንዴ፣ ሽማግሌ አልላክሁም መሰለህ? ላክሁ እንጂ። ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ ተመካክረው መጡና፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ደጃቸው ላይ ጎንበስ በል፣ ያን ጊዜ ይምሩሃል አሉኝ። ወጉን አውቀዋለሁ። በዳይ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይጎነበሳል፤ ተበዳይ በእጁ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ከወረደ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ክፋት የለውም። ግን እስቲ አስበኝ። እንዲሁ ባዶዬን ለመነሳት ያን ያህል የደከምኩ ሰው፣ ድንጋይ ተጨምሮብኝ ከተጎነበስኩ በምን እነሳለሁ? የሚያነሱኝ ሌሎች ሽማግሌዎች ሊላኩ ነው። ጉልበቴ ትንሽ ይሻለው ብዬ ቀጠሮ ጠየቅሁ። አያ ደምሴ ጆሮ የደረሰው ግን «ድንጋይ አልሸከምም አለ» ተብሎ ነው። በቃ፣ ቂሙ ባሰ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ኖረን ነበር። ስንዱ አንዳንዴ ምግብ አቅርባ ወደ ማዶ ታያለች፤ እኔም አላየሁም ብዬ እበላለሁ። ችግሩ የመጣው ልጃችን ትዕግሥት ለጥር ልትዳር ቀን ሲቆረጥ ነው። ትዕግሥት አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ሠርጉ ግን እዚሁ፣ አባቷ ቤት። ታዲያ ሙሽራን ማን ይመርቃል? እናቷን ያሳደገ ሰው በሕይወት እያለ ማን ደፍሮ ይመርቃታል? ስንዱ እንደሆነች ቁርጡን ነገረችኝ። ጠላው ይጠመቃል፣ በሬው ይታረዳል፣ ሰው ይጠራል፤ እሷ ግን አያ ደምሴ በሌሉበት ሠርግ እንደ ለቅሶ ቤት እንደምትቀመጥ እወቀው አለችኝ። እያለቀሰች ብትነግረኝ እችለው ነበር። ሽንኩርት እየላጠች፣ ዓይኗ ሳይረጥብ ነው የነገረችኝ።

በኋላ ራሷ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው እስካሁን አልነገረችኝም። ብቻ አመሻሽ ላይ እግሯ አቧራ ለብሶ ስትመለስ የያዘችው መልስ ይሄ ነው፦ አንድ ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ ብቅ እላለሁ፤ ሲነሳልኝ በዓይኔ ካየሁ አየሁ፣ ካላየሁ ሁለተኛ አትለምኑኝ። የትኛው ቅዳሜ? እሱን አልተናገሩም።

እንግዲህ ጉልበት ያስፈልገኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ነካካችና ጉልበትህ ምንም አልሆነም፣ የተሸከመው ነው የበዛበት አለች። በእግር ሂድ፣ ላብ ያውጣህ አለችኝ።

ላሊበላ ውስጥ ለጤና ተብሎ በእግር እንደማይኬድ ነርሷ አታውቅም፤ የመጣችው ከሩቅ ነው። ጠዋት ወጣሁ። ገና ከደጄ ሳልርቅ «ወዴት ነው?» አሉኝ። የትም አልኩ። «ደህና አይደለህም እንዴ?» ለጤና ነው። «ምነው፣ ምን ነካህ?» ቆሜ አስረዳሁ። ቀጥሎ ያለውም ያንኑ ጠየቀ፣ ቆሜ አስረዳሁ። ሦስተኛው ታሞ ነው የሚዞረው ተብሎ ተነግሮት ደርሶ ነበርና ሳይጠይቀኝ እጄን ይዞ ቤቱ አስገባኝ። ጠላ ተቀዳ። ለታመመ ሰው ደግሞ ጠላ በአንድ አይበቃም። ላብ ላወጣ የወጣሁ ሰው ሆዴን ሞልቼ ተመለስኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ስንዱ እንደዚህ ከቀጠልክ ለሠርጉ አንተን ራስህን እናርድሃለን አለችኝ።

ይሄኔ ነው ትዕግሥት ለመስቀል ስትመጣ ያንን ነገር ይዛ የመጣችው። እጮኛዋ የጌም ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእሱ ለቀቁለት፤ እሱ ደግሞ ለአማቱ ላከው። የቪአር መነጽር ይባላል። መነጽር ስልህ የፀሐይ መነጽር እንዳይመስልህ። ጥቁር፣ ደንዳና፣ ፊትህን ከግንባርህ እስከ አፍንጫህ የሚውጥ ነው። ወደ ኋላ በጠፍር ይታሰራል። በሁለት እጅህ ደግሞ ሁለት መያዣ ትይዛለህ። ስንዱ አንድ ጊዜ አየችውና «ይሄ ሰውዬ ፊቱ ላይ ቁና ሊደፋ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ ቁና ነው።

መጀመሪያ አሻፈረኝ ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ጌም? ትዕግሥት ግን አባዬ በሞቴ አንድ ጊዜ አለችና አጠለቀችልኝ። ወይ ጉድ። ሳሎኔ የለም። ቡፌው የለም፣ ሶፋው የለም። ባሕር ዳርቻ ቆሜያለሁ። ላስታ ተወልጄ ላስታ ያረጀሁ ሰው ባሕር ዳርቻ ምን እሠራለሁ? ነፋሱን ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ቆማለች። እንደምን ዋልሽ አልኳት። አትመልስም። ያልተቀጣች ናት ብዬ ለትዕግሥት ነገርኳት፤ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

ሴትዮዋ ለካስ አሠልጣኝ ናት። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ድምፁ ጆሮህን ይሞላዋል። ኳስ የመሰለ ነገር ወደ አንተ ይወረወራል፣ በቡጢ ትለዋለህ። ከዚያ ከላይ ግንብ ይመጣል። ግንቡ ሊመታህ ሲል ቁጢጥ ትላለህ፤ በላይህ ያልፋል፤ ትነሳለህ፤ ሌላው ይመጣል። የቤተ ክርስቲያናቱን ጨለማ ዋሻ አልፈህ ታውቃለህ? እዚያ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳን «ጎንበስ በሉ፣ ጭንቅላታችሁን ጠብቁ» እያልኩ ኖሬ፣ አሁን አንዲት የማላውቃት ሴት እኔን «ጎንበስ በል» ትለኛለች። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ደግሞ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? በእንግሊዝኛዋ «ትንሽ ነው የቀረህ» አለችኝ። ያቺን ውሸት ባየር ላይ ነው ያወቅኋት፤ የራሴ ናት። አሸተን ማርያም ላይ ለስንቱ ፈረንጅ ያከፋፈልኳት ውሸት ዞራ ሳሎኔ ድረስ መጣችብኝ። ያንን ሁሉ ሕዝብ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ግን ላብ አወጣሁ። እውነተኛ ላብ፣ ሸሚዝ የሚያጣብቅ። ደግሞ ማንም ወዴት ነህ አላለኝ። ማንም ጠላ አልቀዳልኝ። ትዕግሥት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ቁናው እኔ ጋ ቀረ። ሶፋውን ገፋሁ፣ ምንጣፉን ጠቀለልኩ። መጀመሪያ አካባቢ ቡፌውን በቡጢ መትቼ አንድ የሻይ ብርጭቆ ስለሰበርኩ፣ ስንዱ ከዚህ እንዳታልፍ ብላ ወለሉ ላይ በከሰል አሰመረችብኝ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪ ካለው ይሠራል። እያደር እህህ የምትለዋ ድምፅ ቀነሰች። ቀጭ የምትለዋ ቀረች። አንድ ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንዱ ስትጠራኝ «አቤት» ብዬ ስነሳ፣ ከተነሳሁ በኋላ ነው መነሳቴ ትዝ ያለኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። አንተ ወጣት ከሆንክ ይሄ አይገባህም፣ አልፈርድብህም።

ከዚያ ልምምድ ገባን። ስንዱ ዱላ ይዛ፣ ነጠላ እንደ አያ ደምሴ አጣፍታ፣ ከደጅ ትገባለች። እኔ ብድግ ብዬ «ኖር» እላለሁ። እሷ ድምፅዋን አወፍራ «በእግዜር» ትላለች። ዘገየህ፣ እንደገና ትለኛለች። ሁለታችንም መጀመሪያ እንስቅ ነበር፤ ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ መሳቁ ቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በሩ ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር ብድግ። ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው የመብራት ኃይል ልጅ «ኖር» ብዬ ተነሳሁለት፤ ልጁ ደንግጦ ሳያነብ ሊመለስ ነበር። ጨው ልትበደር ለመጣች ጎረቤት ተነሳሁ። አንድ ቀን ለጎረቤት ፍየል ተነስቻለሁ፤ ይሄን ለማንም አትንገር። አያ ደምሴ ግን የሉም። ቅዳሜዎቹ እያለቁ ሄዱ። ጌሾው ተገዛ፣ ብቅሉ ተሰጣ። ስንዱ ፊቷ እየከሳ፣ በሩን ማየት ትታ ሥራዋን ብቻ ማየት ጀመረች። እኔን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ በተሻለኝ።

በመጨረሻዋ ቅዳሜም ጠበቅሁ። የገበያው ሰው አህያውን እየነዳ መመለስ እስኪጀምር ጠበቅሁ። ከዚያ በቃ፣ አይመጡም አልኩ። ሲከፋኝ ድሮ እተኛ ነበር፤ ዘንድሮ ቁናዬን ደፋሁ። ስንዱ ጓሮ ጌሾ ትወቅጣለች። ዘፈኑን ጆሮዬ እስኪደነቁር ከፍ አደረግሁና ያንን ግንብ የሚበዛበትን ጀመርኩ። ቁጢጥ፣ ብድግ። ቁጢጥ፣ ብድግ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም፣ ስንዱ ናት የነገረችኝ። ሙቀጫዋን ለአፍታ ስታቆም ከሳሎን የሽማግሌ ድምፅ ሰማች። «በእግዜር» ይላል። ዝም ይልና ደግሞ «በእግዜር፣ በእግዜር» ይላል። ዘነዘናውን እንደያዘች ሮጣ መጣች። አያ ደምሴ በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ቁጢጥ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ። ብድግ ባልኩ ቁጥር እሳቸው «በእግዜር» ይላሉ። እኔ መች እሰማለሁ።

ስንዱ ፈራች። አሁን ነገሩን ቢያውቁ፣ አሁንም አላገጠብኝ ቢሉስ? ሁለት ፋሲካ ያለፈው ቂም ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ነው። አያ ደምሴ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ጠየቋት።

«ስንዱ፣ ይሄ ግንባሩ ላይ የተሸከመው ድንጋይ ነው?»

ስንዱ ዋሽታ አታውቅም። እሳቸውን ደግሞ ጭራሽ። ዘነዘናውን ቀስ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና «ኧረ ይከብደዋል፣ አያዬ» አለች። እውነቷን ነው። ፊት ላይ ሲሆን ይከብዳል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ ጊዜ ድንጋይ በማጅራት ነበር፣ ይሄስ በግንባሩ ተሸከመው አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ለስንዱ ሰጧትና የከሰሏን መስመር አልፈው ወደ እኔ መጡ። እኔ በዚያ ሰዓት ኳሷን በቡጢ እያሳደድኩ ነው። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። ግን አንድዬ ሲረዳ፣ ልክ እሳቸው ሲደርሱ ግንቡ መጣና ቁጢጥ አልኩ። ከፊቴ ላይ ሁለት እጅ ሲያርፍ ተሰማኝ። ባሕሩ ጠፋ፣ ሴትዮዋ ጠፋች፣ ሳሎኔ ተመለሰ። በላዬ የአያ ደምሴ ፊት አለ። እንዲያ በቅርብ አይቻቸው አላውቅም። አርጅተዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በቃ ልጄ። አውርጄልሃለሁ።»

ምን እንደወረደልኝ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ቆመዋል፣ እኔ ቁጢጥ ብያለሁ። ብድግ አልኩ። እህህ የለም፣ ቀጭ የለም። «ኖር» አልኩ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ስንቴ ነው የምትነሳልኝ» አሉና ላብ በላብ የሆነ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ። ስንዱ ከኋላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሠርጉ ተደገሰ። ትዕግሥትን አያ ደምሴ መረቋት። እናቷን ሲድሩ የመረቁትን ምርቃት ነው የመረቋት አለች ስንዱ፤ እሷ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ስንዱ በሠርጉ ጨፈረች። እኔም እስክስታ ወረድኩ፣ ወርጄም ተነሳሁ።

ብቻ ወሬው አስቸገረኝ። አያ ደምሴ ንግግራቸው ትንሽ ነው ብዬህ የለ? በዚህ ጉዳይ ግን አፋቸው ተፈታ። በየማኅበሩ የስንዱ ባል በግንባሩ ድንጋይ ተሸክሞ እንዴት እንደካሳቸው ያወራሉ። ወሬው ኮን ከተማ ገበያ ድረስ ደረሰ። አንድ ቀን ጋሸና ምሳ ቤት ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለ የጭነት መኪና ሹፌር የራሴን ታሪክ አጫወተኝ። ድንጋዩ አድጎ የወፍጮ መጅ አክሏል። ሰውዬው ከሌሊት ጀምሮ ሲነሳ ሲቀመጥ ነው የዋለው አለኝ። ደግ ሰው ነው አልኩት። ምን ልበል?

ስንዱ ዝም በል አለችኝ። እኔ ግን አልቻልኩም። ሰው መንገድ ላይ ነጠላውን ዝቅ አድርጎ እጅ ሲነሳኝ ምድር ትዋጠኝ እላለሁ። ያልተሸከምኩት ድንጋይ ወረደልህ ተብዬ እስከ መቼ? አንድ ዓርብ ቀን አያ ደምሴ ለቅዳሜ ገበያ ቀደም ብለው መጥተው ቤታችን ሲያድሩ፣ ስንዱ ወጣ ስትል ጠብቄ ጀመርኩ። አያ ደምሴ፣ ያ ድንጋይ እንኳ፣ እንዲያው ነገሩ… ብዬ ምላሴ ተሳሰረ።

እሳቸው ወደ ቡፌው አዩ። ቁናው እዚያ ላይ ተቀምጧል።

«ሞላ፣ እኔ ገበሬ ነኝ። ከማሳ ድንጋይ ስለቅም ነው ያረጀሁት። የሚዘፍን ድንጋይ ለቅሜ አላውቅም።»

ለካ ያን ቀን ሲያወርዱልኝ ዘፈኑን ሰምተዋል። ቅለቷን በእጃቸው አውቀዋል። ታዲያ ለምን? አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷ ልትዳር ነው፣ እኔ ደግሞ አልገባም ካልኩ በኋላ የምገባበት በር አጥቼ ስንት ቅዳሜ ገበያ ላይ ዋልኩ መሰለህ አሉኝ። በየቅዳሜው እስከ መታጠፊያው መጥተው ይመለሱ ነበር። ስትነሳ አየሁ፣ ጥቁር ነገር ተሸክመሃል፣ ይበቃል አልኩ አሉ። እኔ እዚህ በሩን ሳይ፣ እሳቸው እዚያ መታጠፊያው ላይ በሩን ሲያዩ። አንጀቴን በሉት።

ከዚያ፣ ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ? እስቲ አምጣው አሉ። ለሳቸው ቡጢና ግንብ አይሆንም፤ ዓሣ ማጥመጃ አለው፣ ጸጥ ያለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የምትጫወተው። አጠለቅሁላቸው። መጀመሪያ በስመ አብ አሉ። ቀጥሎ ውሃውን ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱ። ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው በትዕግሥት ዓሣ ይጠብቃሉ።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት፣ ደምሴ ከተማ ገብቷል ሲባል ሰምተው ሊጠይቋቸው በበራችን የገቡት። እኔ ብድግ አልኩ፣ «ኖር» አልኩ፤ እንዴት ያለ መነሳት መሰለህ። ስንዱም ከደጅ ተከትላ ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች። አያ ደምሴ አልተነሱም። አባ «በእግዜር» ሲሉ ድምፁ ለአያ ደምሴ የደረሳቸው ይመስለኛል፤ ግን የማን ድምፅ እንደሆነ ከየት ያውቃሉ? ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ፣ እጃቸውን ወደ አባ ዘርግተው፣ «ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሸሽብኛል» አሉ። ዓርብ ቀን።

አባ ትክ ብለው አዩዋቸው። ያንን አስተያየት ዳሱ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሮጬ ልያዛቸው ስል መስቀላቸውን ይዘው ወጥተዋል። ስንዱ ራሷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ቁናውን ከአያ ደምሴ ፊት ላይ አወለቅሁና የሆነውን ነገርኳቸው። ዓሣውንስ ያዙት ወይ ብዬ መጠየቅ አማረኝ፣ ሰዓቱ አልነበረም። እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ አባ ጋ የምላከው እኔ ነኝ፤ ነገ ከገበያ በፊት እንሄዳለን ተባባልን። ወጉ ያው ነው፤ ተጎንብሰው ድንጋይ መሸከም ሊኖርባቸው ነው።

ዱላቸውን አንስተው ሊተኙ ወደ ጓዳ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም አሉ። ስንዱ እንዳትሰማ ዙሪያቸውን ቃኙና ወደ ቡፌው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ በዚያች ቁጥብ ድምፃቸው ጠየቁኝ፦

«ያችን ቀላሏን ድንጋይ ለነገ ታውሰኛለህ?»